አጥቂን ብቻ የሚያይ ምልመላ ይታረም

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለአማራ ክልል እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለፕሪሚየር ሊግና ለከፍተኛ ሊግ ክለቦች አመራሮች
አዲስ አበባና ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በታዳጊዎች ምልመላ ለግብ ጠባቂና ለመሐል ተከላካይ ቅድሚያ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ



ይህ ደብዳቤ ከፍኖተ ሰላም ይጻፍ እንጂ ጉዳዩ የአንድ ከተማ አይደለም። በቡሬ፣ በደምበጫ፣ በጂጋ፣ በማንኩሳ፣ በሽንዲና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ኳስ የሚያንከባልለውን ታዳጊ ሁሉ ይመለከታል። ደብዳቤው ማንንም አይከስም። በየዓመቱ የሚደጋገም አንድ አሠራር የት እንደሚያደርስ ያሳያል፤ እንዲታረምም ይጠይቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከክለብም ይምጣ ከአካዳሚ፣ ከዞንም ይምጣ ከክልል፣ መልማዩ ፊሽካና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ይመጣል፤ ጊዜ ግን የለውም። ከሰዓት በኋላ ሌላ ወረዳ ይጠብቀዋል። ታዳጊዎቹ ይሰለፉና የሚጫወቱበትን ቦታ ይጠየቃሉ። "አጥቂ"፣ "አጥቂ"፣ "ዐሥር ቁጥር"፣ "አጥቂ"። ከመካከላቸው ዓመቱን ሙሉ ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት የከረመ አይጠፋም፤ እሱም ግን "አጥቂ" ይላል። ማን ተመርጦ እንደሚሄድ ያውቃላ! ከዚያ ለሁለት ይከፈሉና ጥቂት ደቂቃ ይጫወታሉ። ሁለት ሰው አታልሎ የመታ ልጅ ስሙ ይመዘገባል። ከኋላ ቆሞ የመስመር አጥቂውን መንገድ የዘጋው፣ ኳስ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ አይቶ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ የተጠጋው ልጅ አይመዘገብም። በእሱ በኩል ምንም የታየ ነገር የለምና። ያልታየው ደግሞ እሱ እዚያ ስለነበረ ነው።

በመጨረሻ "በረኛ የሚሆን አለ?" ተብሎ ይጠየቃል። ጓደኞቹ ከኋላ እየገፉ አንዱን ያወጡታል። ብዙ ጊዜ ይህ ልጅ ቁመቱ ስላደገ ወይም እግሩ ኳስ ስለማይይዝ ብቻ የተገፋ ነው። መልማዩም በእጁ ያለውን ወረቀት ስለሞላ፣ አንዱን "ተጠባባቂ" ብሎ ጽፎ ወደ መኪናው ይሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ ሜዳው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ጠንቁ ከዚያ ይጀምራልና። በምዕራብ ጎጃም ባሕር ዛፍ ሞልቷል። ጠርብ ሆኖ፣ አጠና ሆኖ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ሲሸጥ ይውላል። የገጠሩ ሜዳ ጎል ግን በአብዛኛው ሁለት ቋሚ ነው፤ ካልሆነም ሁለት ድንጋይ። አግዳሚ የለውም። አግዳሚ በሌለው ጎል ከፍ ብላ የመጣች ኳስ ግብ መሆኗ የሚወሰነው በጩኸት ነው፤ አንዱ ወገን "በላይ ናት!" ይላል፣ ሌላው "ገብታለች!" ይላል፣ ጉልበት ያለው ይረታል። በዚህ ጎል ያደገ በረኛ ኳስን በጣቱ ጫፍ ወደ ላይ ገፍቶ ከአግዳሚው በላይ ማሳለፍን ከየት ይማረዋል? የትኛዋን ኳስ ትቶ የትኛዋን መዝለል እንዳለበት የሚለካበት እንጨት ከራሱ በላይ ኖሮ አያውቅም።

መሬቱም አለ። ሜዳው በአብዛኛው የግጦሽ መሬት ነው። በክረምት ከብት የረገጠው ጭቃ በበጋ ሲደርቅ ኮቴው እንዳለ ይቀራል፤ ጠርዙም እንደ ሸክላ ስባሪ ይቆርጣል። እዚያ ላይ ማን ይወድቃል? ስለዚህ በረኛው መውደቅን አይለምድም፤ ኳሷን በእግሩ ማዳን ይለምዳል። ጓንት ያገኘ እንደሆነም ብዙ ጊዜ የግንበኛ ጓንት ነው፤ መዳፉ የላስቲክ፣ ጀርባው የጨርቅ፣ ዝናብ ሲነካው ኳስ የሚያንሸራትት። ታዲያ ይህ ልጅ በ15 ዓመቱ መልማይ ፊት ሲቆም ምን ሊያሳይ ይችላል? መልማዩስ "እዚህ አገር በረኛ የለም" ብሎ ቢሄድ ምን ይፈረድበታል?

የጂጋን የግጦሽ ሜዳ ከደቡብ አፍሪካው ኔልስፕሩት ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። ግን አለ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ዋልያዎቹ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ነበር። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠሙ።  በዚያ የኔልስፕሩት ጨዋታ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው እግሩን አንሥቶ በገባው አደገኛ አጨዋወት ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ። አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀና አገር በደስታ ሰከረ። በቀጣዩ ጨዋታ የቡርኪና ፋሶም በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ግን በ10 ሰው የቀረው ቡድን 4 ለ 0 አሸነፈ። በሦስተኛው ጨዋታ፣ ጥር 21 ቀን ሩስተንበርግ ላይ፣ ናይጄሪያዊው ቪክቶር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 አደረገው። በዚያው መጨረሻ ላይ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ ከግብ ክልሉ በካርድ ወጣ፤ ቅያሪ ደግሞ አልቆ ነበር። "በረኛ የሚሆን አለ?" የሚለው የሰፈር ጥያቄ በአፍሪካ ዋንጫ ሜዳ ላይ ተጠየቀ። አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ። በሦስት ጨዋታ ዋልያዎቹ 1 ግብ አገቡ፣ 7 ተቆጠረባቸው፣ ሁለት በረኞች በካርድ ወጡ።

በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የመጣው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ኢትዮጵያን ቀዳሚ አደረገ። ለናይጄሪያ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት አስቆጠረ፤ ሁለተኛዋ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የተሰጠች ፍጹም ቅጣት ምት ነበረች። ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0 ሆነና የብራዚል ጉዞ እዚያ ቀረ።

ከኔልስፕሩቱ ጨዋታ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ፣ አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ሆኑ፤ ተጫዋቾቹም ተለወጡ። ጥር 1 ቀን ከኬፕ ቨርዴ ጋር በተደረገው ጨዋታ የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ገና በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ቀይ ካርድ አየና ጨዋታው 1 ለ 0 በሽንፈት አለቀ። ከአራት ቀን በኋላ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ የአዘጋጇን ካሜሩንን መረብ ሲነካ ከቡሬ እስከ ባሌ ያልጮኸ ቤት አልነበረም። ውጤቱ 4 ለ 1 ሆነ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው ተመለሱ፤ 2 አግብተው 6 ተቆጥሮባቸው።

እዚህ ስማቸው የተጠራው ተጫዋቾች ጥፋተኞች ናቸው የሚል ሰው ነገሩን አልተረዳም። ያሬድ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን የኋላ መስመሩ ምሰሶ ነበር። ጥያቄው ስለ እነሱ አይደለም፤ ከእነሱ ኋላ ማን ነበረ ነው። አጥቂ ሲጎዳ ሦስት ሌላ ይገኛል። የመሐል ተከላካይ ወይም በረኛ ሲወጣ ግን አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞሮ ያያል፣ እዚያ ያለውን ልጅ ደግሞ ከ17 ዓመቱ በፊት በወግ ያሠለጠነው ሰው የለም።

ክለቦች ይህን ቀድመው አውቀዋል፤ መፍትሔያቸው ግን መግዛት ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን አመጣ፤ በኋላ ኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ፣ ከዚያም ሌላው ዩጋንዳዊ ቻርልስ ሉክዋጎ መጡ። የፋሲል ከነማ የሻምፒዮንነት ዓመት በረኛ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። እነዚህ ጥሩ በረኞች ናቸው፤ በመምጣታቸው ማንም ሊከፋ አይገባም። ግን በዚያው በ2013 ዓ.ም. የተፈጠረውን እንመልከት ከተባለ፣ አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን ግን የወሰደው ፋሲል ነው። ሊጉ በታሪኩ ያላየው አጥቂ የነበረው ክለብ ሁለተኛ ወጣ፤ በሳማኬና በያሬድ ኋላውን የደፈነው አንደኛ ወጣ። ይህን ለማየት የግድ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የደረጃ ሰንጠረዡን ማንበብ ይበቃል።

ክቡራን፣ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል። "ገበያው አጥቂ ነው የሚፈልገው" ይባላል። እውነት ነው፤ ሳላዲን ሰዒድ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ሽመልስ በቀለ፣ አቡበከርም ጭምር ወደ ውጭ የሄዱት ግብ በማግባትና በመፍጠር ነው። ግን በአንድ ማሳ ላይ ጤፍ ብቻ ዘርቶ "ይህ መሬት ጤፍ ብቻ ነው የሚያበቅለው" ማለት የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የማይቀበለው ክርክር ነው። ተከላካይ ስላልተመለመለ አልተሸጠም፤ ስላልተሸጠ አይመለመልም።

"ኢትዮጵያ ያሸነፈችው በማጥቃት ነው" የሚለውም አለ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ቡድን በሁለቱም ጨዋታዎቹ፣ በቱኒዚያና በግብጽ ላይ፣ 4 ለ 2 ነው ያሸነፈው። መንግሥቱ ወርቁና የቫሳሎ ወንድማማቾች የነበሩበት ቡድን አራት ተቆጥሮበት ስምንት ማግባት ይችል ነበር። ያ ውድድር ግን አራት አገሮች ብቻ የተሳተፉበት፣ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበት ነበር። ዛሬ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመድረስ ብቻ ስንት ማጣሪያ አለ! በየማጣሪያው አራት እያገቡ መኖር የሚችል ቡድን የለም።

የጎን ወሬ ይመስላል እንጂ የአሜሪካው ፉትቦልም ለዚህ ክርክር ይጠቅማል። ያ ጨዋታ ከእግር ኳስ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው፤ ግን ቡድኖቹ በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ፣ ደካማው ቀድሞ ይመርጣል። ዘላለማዊው ጭቅጭቃቸው ኳሷን የሚወረውረውን ኮከብ እናስቀድም ወይስ እሱን ከፊት ሆነው የሚከላከሉትን ግዙፎች ነው። ሲንሲናቲ ቤንጋልስ በ2020 እ.ኤ.አ. ጆ በሮው የተባለውን ወርዋሪ አንደኛ አድርጎ መረጠ። በዚያው ዓመት ተጋጣሚዎች ተደርምሰውበት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ተከላካይ ይመርጣል ሲባል፣ ጃማር ቼዝ የተባለውን ኳስ ተቀባይ መረጠ፤ ፔኔ ሱዌል የተባለው ተከላካይ ለዲትሮይት ደረሰ። ቤንጋልስ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ስለዚህ ምርጫው ሞኝነት ነበር ማለት አይቻልም። በፍጻሜው ግን በሮው 7 ጊዜ ኳስ እንደያዘ መሬት ተጣለ፤ ቡድኑም 23 ለ 20 ተሸነፈ። እዚያ አገር ሰዎች ዛሬም በዚህ ይከራከራሉ፣ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ለአሜሪካኖቹ ሁለቱም ዓይነት ተጫዋች በየዩኒቨርሲቲው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ ክርክራቸው የተራ ነው። በፍኖተ ሰላም ግን በ13 ዓመቱ ያልተመረጠ በረኛ በ20 ዓመቱ የለም። ባጃጅ እየነዳ ነው፣ ወይም ቡሬ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል።

ለእንግሊዝ ሊግ ተመልካች የሊቨርፑል ምሳሌ ይበልጥ ይቀርባል። ጥር 2018 እ.ኤ.አ. ክለቡ ፊሊፔ ኩቲንሆን ለባርሴሎና ሸጠ፤ በዚያው ወር የመሐል ተከላካዩን ቨርጂል ቫን ዳይክን በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ግንቦት ላይ በኪየቭ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በረኛው ሎሪስ ካሪየስ የሠራቸው ሁለት ስሕተቶች ዋንጫውን ለሪያል ማድሪድ ሰጡ። ከፍጻሜው በኋላ በረኛው አሊሰን መጣ። በ2019 የአውሮፓን ዋንጫ፣ በ2020 ከ30 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ አነሡ። አጥቂዎቹ ሳላህ፣ ማኔና ፊርሚኖ እኮ በኪየቭም ነበሩ።

ከአፍሪካም ሞሮኮ አለች። በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እስክትደርስ የተቆጠረባት ግብ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷንም ከካናዳ ጋር ሲጫወቱ የራሷ ተከላካይ ናይፍ አገርድ ነበር በስሕተት ያስገባት። አገርድ በ2009 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የመሐመድ ስድስተኛ አካዳሚ የወጣ ልጅ ነው። አካዳሚው አጥቂም አውጥቷል፤ ለመሐል ተከላካይም ግን ቦታ ነበረው።

ሌላው ክርክር ቁመት ነው። "ልጆቻችን አጫጭር ናቸው" ይባላል። አንደኛ፣ በ13 ዓመት የአንድ ልጅ ቁመት ገና አልተወሰነም፤ መልማዩ የሚያየው ዘንድሮ ያደገውን እንጂ ነገ የሚያድገውን አይደለም። ሁለተኛ፣ የ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫን ያነሣው የጣሊያን አምበል፣ በዚያው ዓመትም ባሎን ዶር የወሰደው ፋቢዮ ካናቫሮ፣ የመሐል ተከላካይ ሆኖ ቁመቱ 1 ሜትር ከ76 ነበር። ቆላማው የብር ወንዝ ዳርም ሆነ ደጋ ዳሞት ላይ ከዚህ የሚበልጥ ልጅ ሞልቷል።

የበረኛ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይለያል። አጥቂ በ18 ዓመቱ ያበራል፤ በረኛ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ግብጻዊው ኢሳም ኤል ሃዳሪ በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ላይ በ45 ዓመቱ ተሰልፎ ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። ዘግይቶ የሚበስል ነገር ቀደም ብሎ ይተከላል እንጂ ከገበያ አይጠበቅም። አንድ በረኛ በ14 ዓመቱ ተመልምሎ በወግ ቢሠለጥን ክለቡንም ብሔራዊ ቡድኑንም ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለግላል። አጥቂ እንዲህ የሚቆየው ስንቱ ነው?

ሌላም ከባድ ነገር አለ፤ በአጭሩ ይጠቀሳል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የቆየው ግጭት ውድድሮችን አቋርጧል፣ መንገድ ዘግቷል፣ ትምህርት ቤቶችን ባዶ አድርጓል። ብዙ የታዳጊ ፕሮጀክቶች ተበትነዋል። ሲሰባሰቡ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ግን ዕድል አለው፤ የድሮውን ስሕተት ሳይደግም መጀመር ይችላል።

ስለዚህ የሚከተለው ይጠየቃል።

ለፌዴሬሽኖቹ፦ ከዞን በላይ የሚደረግ ማንኛውም የታዳጊ ምልመላ ለግብ ጠባቂና ለመሐል ተከላካይ አስቀድሞ የተመደበ ኮታ ይኑረው፤ ቦታው በአጥቂ እንዳይሞላም በመመሪያ ይጻፍ። ምልመላውም በግማሽ ቀን ጨዋታ አይለቅ። ተከላካይ የሚታየው አንድ ለአንድ ሲገጥም፣ የማዕዘን ምት ሲመጣ፣ ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሆን ተብለው ካልተዘጋጁ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ላይመጡ ይችላሉ። መልማዩ አንድ ሌሊት ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ቢያድር ማደሪያ አያጣም።

የግብ ጠባቂ አሰልጣኞች ሥልጠና ወደ ዞን ይውረድ። ዛሬ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኞች ብዙዎቹ የስፖርት መምህራን ወይም የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው፤ ለትንሽ አበል፣ አንዳንዴም ያለ አበል፣ ስድሳ ልጅ ብቻቸውን ያሠለጥናሉ። ግብ ጠባቂውን "አንተ እዚያ ጋ ተለማመድ" ከማለት ሌላ ምን ያድርጉ? በምዕራብ ጎጃም ለሚገኙ ፕሮጀክቶች የሁለት ሳምንት የግብ ጠባቂ ሥልጠና ቢዘጋጅ፣ ሜዳና አዳራሽ ማቅረብ ለከተማ አስተዳደሮቹ የሚከብድ አይደለም።

ለወረዳ ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የሚላከው የሥራ ዕቅድ ላይ አንድ ቀላል ነገር ይጨመር፦ ታዳጊ የሚሠለጥንበት ሜዳ ሁሉ ልኩን የጠበቀ አግዳሚ ያለው ጎል ይኑረው። የባሕር ዛፍ ይሁን፤ ብረት አልተጠየቀም። በጎሉ ፊት ያለው መሬት ከኮቴ ነጻ ይደረግ፣ ይደልደል፣ አሸዋ ይነስነስበት። ይህን መሬት ከኮቴ መጠበቁ ለከብቱ ችግር የሚሆን ከሆነ ከቀበሌው ጋር መነጋገር ይቻላል፤ የግጦሽ መሬት ላይ የሚጫወቱት እኮ የእረኞቹ ልጆች ናቸው።

ለክለቦቹ የሚቀርበው ጥያቄ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ያ ጣሪያ ሲወጣ ብዙ ተብሏል፤ ነገር ግን ከዚያ ጣሪያ በታች ያለ የአንድ ተጫዋች የአንድ ወር ደመወዝ እንኳ በጊዜው ስንት የታዳጊ በረኛ ጓንት ይገዛ እንደነበር ያሰላ ያለ አይመስልም። ክለቦች ከውጭ በረኛ ማስመጣታቸውን ድንገት ያቁሙ አይባልም። ግን የውጭ በረኛ ያስፈረመ ክለብ በወጣት ቡድኑ ውስጥ ሁለት የአገር ልጅ በረኞችን ከነአሰልጣኛቸው እንዲያሳይ ግዴታ ይጣልበት። ከእነሱም አንዱ በዓመቱ የተወሰነ ጨዋታ ይሰለፍ። ወንበር ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠ በረኛ በረኛ አይሆንም።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ውለታ ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ ተጫዋችን ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ላሠለጠነ ክለብ ካሣ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ተጫዋች በውል መካከል ወደ ሌላ አገር ሲዛወርም ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። የጂጋ ወይም የማንኩሳ ፕሮጀክት ግን በፌዴሬሽን መዝገብ ላይ ከሌለ ከዚህ ምንም አያገኝም። ልጁ ሲወሰድ አሰልጣኙ የሚያገኘው "እግዚአብሔር ይስጥልን" ነው፤ አንዳንዴ እሱም ይቀራል። ፕሮጀክቶቹ ይመዝገቡ፣ የእያንዳንዱ ታዳጊ የሥልጠና ታሪክ ይያዝ፣ በአገር ውስጥ ዝውውርም ላይ አነስተኛ የሥልጠና ክፍያ ይደንገግ። ክፍያው ለግብ ጠባቂና ለመሐል ተከላካይ ከፍ ያለ ቢሆን ደግሞ ሌላ ቅስቀሳ አያስፈልግም፤ በየሜዳው ያለው አሰልጣኝ በራሱ ጊዜ በረኛ መፈለግ ይጀምራል። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ አንዱ ብቻ ይመረጥ ቢባል ይህ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተጠይቆ አጥቂዎች ይረሱ ማለት አይደለም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈው ቡድን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች ነው ያሸነፈው። ግን ያን ቀን መረቡ አልተነካም፤ አገሩ የሚያስታውሰው ግቦቹን ቢሆንም።

ክቡራን፣ የደብዳቤው ጸሐፊና ሐሳቡን የሚጋሩ የምዕራብ ጎጃም አሰልጣኞች፣ መምህራንና ወላጆች የሚጠብቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከመጪው የታዳጊዎች ምልመላ በፊት የምልመላ መስፈርቱ በጽሑፍ ለወረዳዎች እንዲላክ፤ በየቦታው ስንት ተጫዋች እንደሚፈለግ ይገለጽበት። ሁለተኛው፣ ከፌዴሬሽኖቹ አንድ ባለሙያ ወደ ፍኖተ ሰላም መጥቶ ከአሰልጣኞቹ ጋር ግማሽ ቀን እንዲወያይ። ቀኑ አስቀድሞ ከተነገረ አሰልጣኞቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይገኛሉ፤ በረኞቹንም ጭምር።




ፍኖተ ሰላም፣ ምዕራብ ጎጃም